የንጉሡ ማደሪያ

አንድ ጊዜ ከሐይቅ ዝቅ ባለ ለም ሜዳ ላይ አህያ፣ ጅብና ቀበሮ ጎረቤት ሆነው ይኖሩ ነበር። አህያና ጅብ እንዴት ተጎራበቱ የሚል ካለ፣ ጎርፍ አይቶ አያውቅም። ሐይቁን የሚያግደው በገዛ ጀርባቸው ጭቃ ተሸክመው ያቆሙት ግድብ ነበር። ደንባቸውም ሁሉም በቤቱ ፊት ያለውን ግድብ እንዲጠግን፣ ጭቃ አልሸከምም ያለ አገሩን እንዲለቅ ነው። ንጉሥ አያውቁም፤ የሚያውቁት ስብሰባ ነው፣ እሱም ጭቅጭቅ ነው።

ጭቃ የሰለቻት ቀበሮ አንድ ቀን ተነስታ፣ «ዘመዶቼ፣ ይህ ሁሉ ንትርክ ጌታ ማጣት ነው። ኮረብታው ላይ አያ አንበሳ አሉ፤ እናንግሣቸው። እሳቸው ካገሡ ውሃውም ይፈራል» አለች።

«ከነገሡ ጭቃው ይቀራል?» አለ ጅብ።

«ጭቃው ቀርቶ አጥንት ይታደላል።»

ጅብ የያዘውን ጭቃ እዚያው ጣለው። አንበሳ እስኪመጣም አጥንቱን እየጠበቀ አንድ እፍኝ አላነሳም።

አንበሳ መጣ። እመት አህያ ውርንጭላዋ የሚተኛው ከግድቡ ሥር ስለሆነ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ጌታዬ፣ ሲነግሡ ማደሪያዎ የት ይሆናል?» አለች።

«ከኮረብታው ነዋ። ንጉሥ ረግረግ ላይ ያድራል?»

«ታዲያ ግድቡ ቢነደል የማን መኝታ ይርሳል?»

«የናንተ» አለ አንበሳ፤ መዋሸት አይችልበትም።

«አንቺ ደግሞ ጆሮ ብቻ ነሽ» አለቻት ቀበሮ።

«እሱስ ልክ ነሽ። በዚሁ ጆሮዬ ውሃ ሲንሿሿ እየሰማሁ ነው፤ ከአያ ጅቦ ቤት በኩል።»

ዞር ሲሉ ግድቡ ተነድሏል።

«ጌታዬ፣ ያግሡ እንጂ» አለች ቀበሮ።

አንበሳ አገሣ። ውሃው እግሩን ሲነካው ግን ዘሎ ኮረብታው ላይ ወጣ። እመት አህያ ክፍተቱን በዳሌዋ ደግፋ፣ «አፋችሁን ዝጉና ጭቃ አምጡ» አለች። ጅብ እስከ አንገቱ ረጥቦ ተሸከመ። ቀበሮም ጉድጓዷ ውሃ ሲገባበት ብልጠቷን ትታ ተሸከመች። ግድቡ ተደፈነ፤ ውርንጭላውም ተረፈ።

ማግሥቱን አንበሳ ወርዶ፣ «ዘውዴስ?» አለ።

«ዘውድ የለንም፣ ጌታዬ» አለች እመት አህያ። «ከግድቡ ሥር ግን ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ጎጆ ከቀለሱ፣ ጭቃውን እንደኛ ይሸከማሉ፣ ስብሰባው ላይም እንደኛ ይናገራሉ።»

አንበሳ ኮረብታውን አየ፣ ሜዳውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጥፍሩን ጭቃው ውስጥ ነከረ።

ከዚህ የምንማረው፣ አገርን የሚጠብቃት ከላይ ሆኖ የሚያገሣ ጌታ ሳይሆን፣ ጎርፉ ሲመጣ አብሮ የሚረጥብና ጭቃውን አብሮ የሚሸከም መሆኑን ነው።