የሟች ጭልፋ

ገንፎ ቀርቦ አንዱ ቸኩሎ ሊጎርስ እጁን ሲሰድ፣ ሌላው ከት ብሎ ይስቅና ያቺን አባባል ይወረውርበታል። አባባሏን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቤት እንድትመታ ብቻ የተገጠመች የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ የለም፣ አመጣጥ አላት። እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ሌላ ቢነግራችሁ አልጣላውም፣ ብቻ የእኔን ሳትጨርሱ ወደ እሱ እንዳትሄዱብኝ።

ሰንበሌጥ ሜዳ በምትባል አገር ክፉ ቀን ገባ። ዝናብ ቀረ፣ ከብት አለቀ፣ ጎተራው ባዶ ቀረ። መንግሥት ሰማና እርዳታ ላከ። እህሉን በጥሬው ቢያድሉት የሚፈጭበት ጉልበት ያለው ሰው ስላልነበረ፣ ወንዙ ዳር በርሜል ጥደው ገንፎ እያገነፉ ማደል ጀመሩ። ለአንድ ነፍስ አንድ ጭልፋ። የቤቱ ትልቅ ገበቴ ይዞ ይሰለፋል፣ ስንት ነፍስ እንዳለው ይናገራል፣ ተሰፍሮለት ይሄዳል። ለዚያ ሁሉ በርሜል ግን ማማሰያ ከየት ይምጣ? የተፈለጠ የባሕር ዛፍ አጣና እንደወረደ ይከቱበት ነበር። ከእንጨቱ የሚላጠው ሁሉ እዚያው ገንፎው ውስጥ ይቀራል።

የስንቱ ድድ ደማ፣ የስንቱ ሕፃን ጉሮሮ ተወጋ! ኋላ ላይ ሰው ብልሃት አበጀ። ቆንጥሮ ያነሳትን ገንፎ በአውራ ጣቱ ደፍጠጥ፣ ዳበስ፣ ከዚያ ወደ አፍ። ክፉው ቀን አልፎ እህል በእህል ከሆኑ በኋላም ይህ ልማድ አልለቀቃቸውም። ቅቤ የጠጣ ገንፎ ሠርግ ላይ ቢቀርብላቸው እንኳ ሳይደፈጥጡ አይጎርሱም። የሌላ አገር ሰው «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ብሎ ሲስቅባቸው፣ «ምን አደረግን?» ይላሉ። እጃቸው የሚያደርገውን እነሱ አያውቁትም።

በዚያ አገር ዘነቡ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ መኳንንት በክፉው ቀን መሃል ሞተባት። በማግስቱ ተሰልፋ «ስንት ናችሁ?» ስትባል አፏ የለመደውን ቁጥር ተናገረ። የመኳንንት ጭልፋ ገበቴዋ ላይ ወረደ። አላረመችም። የአንድ ልጇን፣ የበላይነሽን፣ የጎደጎደ ዐይን እያየች እንዴት ታርም? ዝናብ እስኪመለስ የሟቹን ድርሻ እየተቀበለች ልጇን አበላች። ይህን ነገር ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ ለነፍስ አባቷም ጭምር።

ከዚያ ወዲህ ሰው የማታምን ሆነች። ምስጢር ያቀፈ ሰው ያው እንደዚያ ነው። የሰው እጅ ገበታ ላይ የሚሠራውን እንኳ ሳታይ አታልፍም። ጎረቤት እሳት ልትጭር ብትመጣ «ምን ልታይ ነው?» ትላለች፤ ቄሱ ፈገግ ቢሉላት «ምን ሰምተው ይሆን?» ብላ ስትብሰለሰል ትውላለች። አገሩ «ጥላዋ ቢከተላት ማን ላከህ የምትል» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ዓመታት አለፉ። በላይነሽ አድጋ፣ ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጥታ ወለደች። የአራሷ ተስፋ የእናቷ አንዲት ጥገት ላም ነበረች፤ ቦራ ትባላለች። አራሷ ጡቷ እንቢ ብሏት ስለነበር ሕፃኑ የሚውለውም የሚያድረውም በቦራ ወተት ነው።

በዚህ መሃል ካኪ የለበሰ፣ ባርኔጣ የደፋ ሰው በበቅሎ ከተፍ አለ። አቶ ልሳኑ እባላለሁ አለ። በቀጥታ ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ አበጋዝ ቤት ሄደና፣ «መንግሥት በክፉው ቀን ከድርሻው በላይ የበላውን ሰው ትርፉን እያስመለሰ ነው» አለው። አበጋዝ ደግሞ ካኪ ሲያይ ወገቡ የሚላላ ሰው ነው። «አዎ፣ ወረዳም እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቻለሁ» አለ፤ ይስማ አይስማ እግዜር ይወቅ።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። አበጋዝን ደጅ ያቆምና ለብቻው ይገባል፤ ከባለቤቱ ጋር ጥቂት ያንሾካሹካል፤ ሲወጣ አንዱ ቤት በግ፣ አንዱ ቤት ማር፣ አንዱ ቤት ወይፈን ይዞ ይወጣል። ባለቤቱን «ምን አለህ?» ቢሉት «ምንም» ነው መልሱ። አገሩ በሙሉ «ምንም» ብቻ ሆነ። ሰው ከሰው ዐይን ይሸሽ ጀመር፤ ድሮ በዘነቡ የሚስቀው ሁሉ እሱ ራሱ ዘነቡን ሆነ።

ተራው ደረሰና ከዘነቡ ደጅ ቆመ።

«ዘነቡ ማለት አንቺ ነሽ?»

«ማን ልኮዎት ነው?»

«መንግሥት።»

«መንግሥት የእኔን ስም ከየት አገኘው?»

ሰውየው ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገና ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ። «ለሟች ወስደሻል» አላት።

ዘነቡ ምሰሶውን ያዘች። 

«እኔ ራሴ በርሜሉ ሥር ቆሜ አይቻለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያ ነበርኩ፤ ያንኑ እናንተ የበላችሁትን ገንፎ ነው በልቼ የከረምኩት። በትርፉ ፋንታ ላሟን ትሰጫለሽ። ለሰው ብታወሪ ግን ነገሩ ወደ እስር ቤት ይሄዳል፣ ስምሽም በአደባባይ ይነሳል።»

«ጌታዬ፣ ልጄ አራስ ናት። ለሕፃኑ ወተቱን ከየት አመጣለሁ?»

«ያኔስ ከየት አመጣሽ? ከሟች አይደለም?» አለና ባርኔጣውን አነሳ። «ነገ ከጭቃ ሹሙ ጋር መጥቼ እነዳታለሁ።»

ሲሄድ ዘነቡ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ያህል ዓመት የደበቀችው ነገር በማያውቃት ሰው አፍ ሲጠራ መስማት ከላሚቱም በላይ አቃጠላት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ግን የለመደችው አመሏ ብቅ አለ። ይህ ሰው የመንግሥት ከሆነ ለምን ያንሾካሹካል? የመንግሥት ሰው ሲጮህ ነው የምናውቀው!

እንስራዋን አዘለችና ወደ ምንጭ ወረደች። ጎረቤቷ አለሚቱ ውሃ እየቀዳች ነበር።

«አለሚቱ፣ ፍየልሽ የት ሄደች?»

«ሸጥኳት።»

«ገበያ በሌለበት ቀን?»

አለሚቱ ቅሉን ጣል አድርጋ ዞረች። «ደግሞ ጀመረሽ! ፍየሌ ምን አርጋሽ ነው?»

«ለሟች ወስደሻል አለሽ አይደል?»

አለሚቱ ክው አለች። ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የጥሩሰውን» አለች። «የልጄን። ቀብሬው መጥቼ ከነቁጥሩ ተቀበልኩ። አንቺ ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔንም እንደዚያ ነው ያለኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ያን ያህል ዓመት ጎን ለጎን ሲኖሩ ያንኑ ሸክም ተሸክመው ኖረዋል።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች ዘነቡ፣ «በዚያ ዓመት ሰው ያልሞተበት ቤት ታውቂያለሽ?»

«ኧረ የት ተገኝቶ!»

«እንግዲያ ሰውየው ምን አወቀ? የትም ገብቶ ለሟች ወስደሻል ቢል አይስትም እኮ!»

«እዚያ ነበርኩ ብሏላ!»

«ፊቱን ታስታውሽዋለሽ?»

«እኔ ጭልፋውን ሳይ የማንን ፊት አያለሁ?» አለች አለሚቱ።

«ነገ ለአራሷ ገንፎ እሠራለሁ። እንዳትቀሪ» አለቻትና እንስራዋን አዝላ ወጣች።

በማግስቱ ዘነቡ አዲሱን ማማሰያ ትታ ጓዳ ውስጥ ተወሽቆ የከረመውን፣ ጫፉ የተሰነጣጠቀውን አሮጌ ማማሰያ አወጣች። ደረቅ አድርጋ አገነፋች፤ እያማሰለች እንጨቱን ከድስቱ ከንፈር ጋር ታፋጭው ነበር። በላይነሽ ከመደቡ ላይ ሆና፣ «እማዬ፣ እሱን ለማገዶ አላልሽም?» ብትላት፣ «አንቺ ተኚ» አለቻት።

አቶ ልሳኑና አበጋዝ ገመድ ይዘው ሲደርሱ፣ አለሚቱና አራስ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌው ባሻ ይመር ተቀምጠዋል።

«ቶሎ በይ፣ መንገደኛ ነኝ» አለ ሰውየው ከደጅ።

«ላሟስ የትም አትሄድም» አለች ዘነቡ። «ግን አራስ ቤት ደርሰው ገንፎ ሳይቀምሱ ይመለሳሉ?»

«እሱማ ነውር ነው» አሉ ባሻ ይመር። ሰውየው የቅቤው ሽታም ስቦት ኖሮ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ገንፎው በትልቅ ገበቴ ቀረበ፤ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ይንተከተካል። ባሻ ይመር ቆነጠሩ፤ አውራ ጣታቸው ደፍጠጥ፣ ዳበስ አደረገ፤ ጎረሱ። አበጋዝም ደፍጠጥ፣ ዳበስ። አለሚቱም እንዲሁ። ዘነቡ የማንንም ፊት አላየችም፤ ያየችው እጅ ብቻ ነው። አቶ ልሳኑ ከገበቴው ጥግ ቦጨቀ፣ ቅቤው ውስጥ ነከረ፣ ዋጥ። ደገመና ዋጥ። ሦስተኛው ላይ «ወይኔ!» ብሎ ዘለለ። አገጩን ይዞ ተንደፋደፈ። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ቢጎትት፣ የጥፍር ቁመት ያላት ስንጥር ከነደሙ ወጣች።

«ልትገድዪኝ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«እነሱም ከዚሁ ገበቴ ነው የበሉት» አለች ዘነቡ። አበጋዝ ደንግጦ የራሱን ጣቶች ቢያይ፣ ሁለት ስንጥሮች ለቅሞ ሳያውቀው ከፊቱ ደርድሯል።

ዘነቡ ተነሳች። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንን ገንፎ በልቼ ከረምኩ አላልክም? ያንን ገንፎ የቀመሰ ሰው ሳይደፈጥጥ አይጎርስም! በሽበት እንኳ አይተወንም! አንተ በርሜሉ አጠገብ ዝር አላልክም!»

ሰውየው «አንተ» መባሉን ሲሰማ ጊዜው እንደከፋ ገባውና የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። «ልናገር? እዚህ ሰው ፊት የበላሽውን ልናገርልሽ?»

 ዘነቡ ልጇን አየች፤ የልጅ ልጇን አየች። 

«እኔው እናገረዋለሁ። የባሌን የመኳንንትን ጭልፋ ከሞተ በኋላ ተቀብዬ ይችን ልጄን አበልቻለሁ። መንግሥት ይጠይቀኝ፣ በአደባባይ እመልሳለሁ! ለአንተ ግን የምሰጠው ጥጃ እንኳ የለኝም!»

በላይነሽ ሕፃኑን አቅፋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አለሚቱ ብድግ ብላ፣ «እኔም የልጄን የጥሩሰውን!» አለች። ባሻ ይመር ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና፣ «እኔም የወንድሜን» አሉ። አበጋዝም አንገቱን እንደደፋ በመጨረሻ፣ «እኔም... የእናቴን» አለ። «ይኸው ሰውዬ ያወቀብኝ መስሎኝ ነው የሄደበት ሄጄ፣ ያለውን እሺ ስል የከረምኩት።»

ይህን ሲሉ አቶ ልሳኑ ሹልክ ብሎ ከደጅ ወጥቷል። በቅሎዋን አልፈታም፤ በጓሮ በኩል ነበር የሮጠው። አገሩ እየጮኸ ቢከተለው ሸለቆ ገብቶ አመለጠ። በጎቹና ወይፈኑ ከአንድ አጥር ግቢ ተገኙ፤ የአለሚቱ ፍየል ግን ተበልታ ነበር። በቅሎዋም የእሱ አልነበረችም። ሰነባብቶ ከማዶ አገር አንድ ቄስ ሲፈልጓት መጡ፤ እሳቸውንም ለሟች ወስደዋል ብሏቸው ኖሯል።

ያን ዕለት ግን ሰው ሁሉ ከማሳደዱ ተመልሶ ዘነቡ ደጅ ተሰብስቦ፣ ቦራ እየታለበች ሳለ፣ አበጋዝ ግንባሩን ይዞ ያማርር ነበር። «ካኪ ለብሶ! በበቅሎ መጥቶ! መንግሥት ልኮኝ ነው ብሎ! እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠረጥራል?»

ባሻ ይመር ገበቴው አጠገብ የወደቀችውን ደም የነካት ስንጥር አነሱና መዳፉ ላይ አኖሩለት፤ «ጠርጥር ልጄ፣ ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር!» አሉት።