የግራዝማች ዘውገ በረንዳ

የወረዳው ገዥ ግራዝማች ዘውገ የቢሮአቸውን የእንጨት በረንዳ አምና ፍቆ ቫርኒሽ የቀባውን አናጢ አስጠሩና በባለጉዳዩ ሁሉ ፊት አፋጠጡት።

«ከቢሮዬ በር ፊት ያለው ወለል እንደ መስታወት ያበራል፤ እዚህ ደረጃው ጋ ያለው ግን ተልጦ እንጨቱ አግጥጧል። ወይ ቫርኒሼን ሰርቀሃል፣ ወይ ሙያ የለህም። አንዱን እመን፤ ሁለቱም ያሳስሩሃል!»

አናጢው ጎንበስ ብሎ የተላጠውን በመዳፉ ዳሰሰ። ቀና ሲል ደረጃው ላይ የተኮለኮለውን ሰው አየ። ብዙዎቹን ያውቃቸዋል፤ አምና ሲቀባም እዚሁ ተራ ይጠብቁ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቫርኒሹስ አንድ ነው» አለ። «እርስዎ የሚገቡት በጓሮ በር ነው። እዚህ ጋ ባለጉዳይ ዓመት ሙሉ ቆሞበታል። በርዎ ጋ ግን እስካሁን የደረሰ የለም።»