ቦሪና የንጉሡ መቃብር

ዱሮ ነው፤ የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይታሰቡ፣ በኮሪያ ምድር ነው ነገሩ። ያኔ ንጉሥ ሲሞት ብቻውን አይቀበርም። የወርቅ ዘውዱ፣ የወርቅ መታጠቂያው፣ ኮርቻው ሁሉ አብሮት ይገባል። ይሄስ ይሁን፤ ሙት ወርቅ ቢታቀፍ ማንን ይጎዳል? ግን አገልጋይም አብሮ ይገባ ነበር፣ ያውም ከነነፍሱ።

በዚያ አገር ቦሪ የምትባል ድንጋይ ተሸካሚ ባልቴት ነበረች። ከልጇ ከሶልሚ በቀር ማንም የላትም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እሷም ልጇን ድንጋይ አስነክታት አታውቅም። ንጉሡ ሞተና የአገሩ ሹም አብራው እንድትቀበር ሶልሚን መረጣት።

ቦሪ ሄዳ ሹሙ እግር ላይ ወደቀች። በልጄ ፈንታ እኔ ልቀበር አለች። ሹሙ አየት አደረጋትና ንጉሥ አሮጊት አያስከትልም አለ። አይ ሰው!

ተመልሳ ልጇን ሸክላ ሠሪዎች በተዉት እቶን ውስጥ ደበቀቻት። ወታደሮቹ ሶልሚን ቢያጡ የጎረቤቷን ልጅ ጎተቱ። የዚያች እናት ጩኸት እቶኑ ድረስ ተሰማ። ሶልሚ አመዷን አራግፋ ወጣች። ቦሪ ምን ትበል? ያቺም እናት ናት።

ሶልሚን የሚያስተኛ መጠጥ አጠጥተው፣ ከእንጨት በተሠራው የመቃብር ቤት ከንጉሡ እግርጌ አጋደሟት። በሩ ተዘጋ። በላዩ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ አፈር ይከመራል፣ ኮረብታ እስኪያህል። ተሸካሚው ማን ነው? ያው የመንደሩ ሰው ነዋ። ቦሪም ተጠራች። እምቢ ብትል ሌላው ይወረውረዋል፤ ስለዚህ ተሸከመች። ሌላው ከትከሻው ሲዘረግፍ እሷ ተንበርክካ በሁለት እጇ ታስቀምጣለች። ጠባቂው በጅራፍ ገረፋት። አልፈጠነችም።

«ቀስ በሉ፣ ልጄ ተኝታለች» አለች ለሰዎቹ። «እዚያ ውስጥ እንዳትነቃብኝ።»

መጀመሪያ የተንበረከከችው ያቺ ጎረቤቷ ናት። ከዚያ ሁሉም ተንበረከከ። ምን ዋጋ አለው፣ ጉብታው አለቀ፤ ሶልሚም አልወጣች። ቦሪ ባዶ ቤቷ ገባች፤ ክረምቱንም አልተሻገረችው።

የንጉሡን ስም ዛሬ የሚያውቅ የለም። በዚያ መንደር ግን ሰው ሲቀበር የመጀመሪያው አፈር በአካፋ አይጣልም። ተንበርክከው በእጅ ያኖሩታል። የቸኮለ ካለ አንዱ ክንዱን ይዞ «ቀስ፣ እንዳትነቃ» ይለዋል፤ ሟቹ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ቢሆንም እንኳ።