በዋሻው አፍ ላይ የቆመው ዳለቻ

አንድ ጊዜ በጥቅምት ጥቁር ሆኖ የተወለደ ትንሽ ውሻ በግንቦት ዳለቻ ሆነ፤ ስለዚህም ከዋሻ ተባረረ።

ስሙ ደበሎ ነበር። ወገኖቹ በቁመት ከድመት እምብዛም የማይበልጡ፣ ጠጉራቸው ግን መሬት የሚጠርግ ውሾች ነበሩ። በአንድ ዋሻ ውስጥ በመልክ በመልካቸው ተከፋፍለው ይኖራሉ። ነጮቹ ከነቡችሎቻቸው ከጥልቁ፣ ዳማዎቹ ከመሀል፣ ጥቁሮቹ ከዋሻው አፍ። አፉ ላይ ነፋስ አለ፤ ክብርም አለ። አጥንት ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው አፉን ለሚጠብቅ ነው። ጅብም ጥቁሮቹ አፉ ላይ ተደርድረው ሲያይ መንገዱን ይቀይራል።

አንድ ቡችላ በተወለደ በአርባ ቀኑ የጥቁሮቹ አለቃ አያ ጉራች ጠጉሩን አይቶ ቦታውን ይነግረዋል። ከዚያ ወዲያ መቀየር የለም። ደበሎም በአርባ ቀኑ «ጥቁር ነው፤ አፉ ላይ ይቁም» ተባለ። ቆመ።

ከዚያ መልኩ ይለቅ ጀመር። መጀመሪያ ጉንጩ ነጣ፤ ቀጥሎ ደረቱ፤ በመጨረሻ ጀርባው ያደረ አመድ መሰለ። አንድ ቀን እናቱ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ፣ ማለዳ ማለዳ ወደ ኮረብታው ጀርባ ውጣ» አለችው። «እዚያ ምን አለ?» ሲላት ፊቷን አዙራ ተኛች።

አያ ጉራች አስጠራው። ጥቁሮቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጠጉሬ ነው፣ አያ ጉራች።»

«ጥቁር ነህ ብዬህ ነበር።»

«ያኔ ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁን እንደሚያዩኝ ነኝ።»

«በዚህ ዋሻ የነጭ ቦታ አለ፤ የዳማ ቦታ አለ፤ የጥቁር ቦታ አለ። የዳለቻ ቦታ የለም።»

«የለቀቀው መልኬ ነው። ጥርሴ እንዳለ ነው።»

«ጥርስህን ማን ጠየቀህ? ውጣ።»

ጥቁሮቹ መሬት መሬቱን አዩ። እናቱም ቀና ብላ አላየችውም።

ደበሎ ወጣ፤ ግን ሩቅ አልሄደም። ከዋሻው አፍ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ካለ ድንጋይ ሥር ተጋደመ። ዋሻ የሌለው ትንሽ ውሻ የጅብ ቁርስ መሆኑን ያውቃል። ቢሆንም ጠብቅ የተባለው ያንን አፍ ነበርና ከዓይኑ ሊያርቀው አልፈለገም።

ሰኔ ሲገባ እመት ቀበሮ ወደ ድንጋዩ መጣች።

«ደበሎ፣ ከስተሃል። ጠጉርህ ባይኖር ነፋስ ይወስድህ ነበር።»

«ደህና ነዎት፣ እመት ቀበሮ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ቤት አለኝ።» አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ስማ። ከኮረብታው ጀርባ መብረቅ ያቃጠለው የዋርካ ግንድ አለ። ከሰሉ ላይ ሦስቴ ተንከባለልና ተመለስ። ያስገቡሃል።»

«እንዴት ያምኑኛል?»

ቀበሮ ሳቀች። «አንተ ሞኝ፤ አያ ጉራች ጥቁር ይመስልሃል? ከዘራችሁ ጥቁር ሆኖ ያረጀ የለም። ሁሉም ለየብቻቸው ማለዳ ይሄዱና ይንከባለላሉ። አንዱ ለሌላው አይናገርም። እናትህንስ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።»

ደበሎ ወደ ዋሻው ዘወር ብሎ አየ። የእናቱ ነገር አሁን ገባው።

«ዝናብ ሲመጣስ?» አለ።

«ዝናብ ሲመጣማ ማን ውጭ ይቆማል? ሁሉም ሽር ብለው ወደ ውስጥ…» ቀበሮ ምላሷን ነከሰች። «ይልቅ ተነስ ሂድ። እዚህ መጋደምህ አያምርም።»

ደበሎ የተባለውንም ያልተባለውንም ሰማ። ዝናብ ሲመጣ አፉ ባዶ ይሆናል። ቀበሮ ይህን ለማን እንደምትነግርም አልጠፋውም።

«አልሄድም» አለ።

«ያባረሩህ እኮ ናቸው።»

«ያባረሩኝ ትልልቆቹ ናቸው። ከጥልቁ ያሉት ቡችሎች ክፉ አልተናገሩኝም።»

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ጥቁሮቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡ። ደበሎ ከድንጋዩ ሥር ተነስቶ አፉ መሀል ቆመ። ዝናቡ ጠጉሩን ከገላው ሲያጣብቀው የቀድሞውን ግማሽ አከለ። ብዙም ሳይቆይ አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ። ቆም ብሎ አየው።

«አንተ ጥቁር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እመት ቀበሮ ‹ጥቁር ካለ ተመለስ፤ ጥቁር ከሌለ ግባ› ብላኛለች። ጥቁር ካልሆንክ የለህም ማለት ነው።»

«ካለሁስ?»

አያ ጅቦ ሊያስብ ሞከረ። ራሱ ዝም ሲል ሆዱ መለሰለት። «ርቦኛል» አለና አንገቱን ወደ ዋሻው ሰደደ።

ደበሎ ዘሎ አፍንጫውን ነከሰና ተንጠለጠለ። ጅቡ እያጓራ ራሱን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ ትንሹን ውሻ ከዋሻው ግድግዳ ጋር ያላትመዋል። ደበሎ አንድ የጎን አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማ። አልለቀቀም።

ከውስጥ ጥቁሮቹ ሁሉን ይሰማሉ።

«እንውጣ» አለች እናቱ።

«ዝናብ ነው» አለ አያ ጉራች።

«ልጄ ነው።»

«ከወጣሽ መታየትሽ ነው።»

«ልታይ።»

ወጣች። ዝናቡ ከሰሉን አጥቦ በእግሮቿ መሀል ጥቁር ውሃ አወረደ፤ ከሥሩ ብቅ ያለው ልክ እንደ ልጇ ዳለቻ ነበር። የቀሩት ጥቁሮች ይህን አዩ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ተከተሏት። ስድስት ሆነው፣ ጥቁር ውሃ እያንጠባጠቡ፣ አንዱ የጅቡን ጭራ፣ አንዱ ተረከዙን፣ አንዱ ጆሮውን ያዙት።

«ይሄ ሁሉ የሌለ ከየት መጣ?» አለ አያ ጅቦ፤ መልሱን ሳይጠብቅ ቁልቁል ሮጠ። ኮረብታው ላይ ሆና ትርፍራፊ ስትጠብቅ የነበረችው ቀበሮም ዝናቡ በዛብኝ ብላ ሄደች።

ዝናቡ ሲያባራ ቡችሎቹ ከጥልቁ ወጥተው ዳለቻዎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። ሰባት ነበሩ። ደበሎ ከአፉ ፈቀቅ ሳይል ተጋደመ፤ እናቱ ጎኑን ላሰችለት። «ዛሬ የት ልተኛ?» ብሎ የጠየቀም፣ «እዚያ ተኛ» ያለም የለም። የአርባ ቀኑ ልማድ በዚያው ቀረ።

በዋሻው ውስጥ ደርቆና ጥቁር እንደሆነ የቀረው አያ ጉራች ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የተቀባ መልክ በዝናብ እንደሚለቅ፣ ስፍራም ዝናብ ሲመጣ ቆሞ ለተገኘ መሆኑን ነው።