ሁልጊዜ «ቀዝቃዛ ነው» የሚል ሴንሰር

የቁጡው ሥራ አስኪያጅ የአቶ ጓንጉል አሮጌ መኪና ዳገት መሀል ፈልታ፣ እንፋሎት እየተፋች ቆመች። የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ግን እስከ መጨረሻው ድረስ «ቀዝቃዛ ነው» ሲል ነበር።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱን መካኒክ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆሙት። ከመፍቻው ይልቅ ምላሱ እንደሚሠራለት መካኒኩ ራሱም ያውቃል፤ ዛሬ ግን እንጀራው ሊቆረጥ ነው።

«አንተም ‹መኪናዋ ደህና ናት› አልከኝ፣ ሴንሰሩም እንደዚያው አለኝ» አሉት። «ከሁለታችሁ የዋሸው ዛሬውኑ ይነቀላል። ማነው?»

ሴንሰሩ ነው ቢል «ታዲያ ለምን ቀድመህ አልቀየርከውም?» ሊሉት ነው። እኔ ነኝ ቢል መባረሩ ነው። ማጅራቱን አከከ።

«ሁለታችንም ነን፣ ጌታዬ። ሴንሰሩ የዋሸው ተበላሽቶ ነው። እኔ ጀግናው ደግሞ መበላሸቱን ልነግርዎ ቢሮዎ ገብቼ፣ ፊትዎን ሳይ ‹ሁሉም ደህና ነው› ብዬ ወጣሁ። እንግዲህ ሁለታችንንም ይቀይሩን። የእሱ መለዋወጫ ገበያ ላይ አለ። በእኔ ቦታ የሚያስገቡት ግን ሰው ነውና፣ አንዴ ሲጮኹበት እሱም ‹ቀዝቃዛ ነው› ማለት ይጀምራል።»