ሁሉን ቻይ እርሾ የለም

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም «እሺ» በሉኝ። ፊቴን ግን አትዩኝ፣ አፍራለሁ።

ዳንግላ ውስጥ አንዲት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። እኔው ነኝ፤ ሙሉአዳም። ከአጥራችን ማዶ የእማማ ጥሩወርቅ ጠጅ ቤት አለ። ጠጁን የሚጥለው ልጃቸው ይርዳው ነበር። እወደው ነበር፤ ለማንም ግን አልተነፈስኩም። ምኞቴ ትንሽ ናት፤ ወደ አባቴ ሽማግሌ ቢልክ።

አንድ ቀን እንደ ቀልድ፣ «እማማ፣ ይርዳውን መቼ ነው የሚድሩት?» አልኳቸው።

«ይሄ ጠጅ ሲደርስ ነዋ! ሽማግሌ ጉሮሮው ሳይርስ ደጅ አይጠናም። የማን ደጅ እንደሆነ እሱ ያውቃል።»

ጋኑን ከፍቼ አየሁ። ማሩም ውሃውም ጌሾውም ገብቷል፤ ብርዙ ግን አረፋ እንኳ የለውም።

«ለምን አትፈላም?»

«እርሾዋ አልቀሰቀሰችኝም» አለ ብርዙ።

እርሾዋ ብርዙን አትቀሰቅስ፣ ብርዙ ጠጅ አይሆን፣ ጠጅ ከሌለ ሽማግሌ አይሄድ!

ከብርዙ ጠብታ ወስጄ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አየሁ። እርሾዋ ተጨማዳ ተኝታለች። ስሟን ስካር ቻይ ብያታለሁ።

«ተነሺ እንጂ!»

«ሌላው እርሾ ሰክሮ ሲሞት እኔ እሠራለሁ። ይህን ሁሉ ማር ግን አልችልም፤ ውሃዬን መጥጦ ጨረሰው። መጀመሪያ ማር ቻይ ትቅመሰው።»

ማሩን ያበዙት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። «ለአንድ ልጄ!» ብለው እጥፍ ጨምረውበታል። «ውሃ ቢጨመርበትስ?» ብላቸው፣ «በሽማግሌ ጠጅ ላይ ውሃ? አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱ በዛብሽ!» ብለው ሳቁብኝ።

ማር ቻይም እርሾ ናት፤ ዘሯ ግን ሌላ ነው፤ የምትኖረው ማር ውስጥ ነው። እሷም ተኝታለች።

«ማሩስ ግድ የለም፤ የዳንግላን የሐምሌ ብርድ ግን አልችልም። እጅ እግር ቢኖረኝ በደነዘዘ ነበር። ጋኑን አሙቂልኝ።»

ጋኑን ለመንኩት። «ምድጃው አጠገብ ብሆን በሞቅሁ ነበር፤ ይርዳው ካላነሳኝ ግን ንቅንቅ አልልም» አለ።

ይርዳው ጋኑን አያነሳ፣ ጋኑ አይሞቅ፣ ማር ቻይ አትነቃ፣ ማሩ አይቀንስ፣ ስካር ቻይ አትነሳ፣ ብርዙ ጠጅ አይሆን፣ ጠጅ ከሌለ ሽማግሌ አይሄድ!

ይርዳው ደጃፉ ላይ አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

«ይርዳው፣ ና ጋኑን እናንሳው።»

«ምን ያደርጋል ቲቸር? የምፈልጋት ልጅ ትፈልገኝ አትፈልገኝ አላውቅም። ክንዴ ዛለ።»

«ጠይቃታ።»

«እሷም ታፍራለች፤ እኔም አፍራለሁ። አንድ ቃል ብትለኝ ጋኑን ብቻዬን በተሸከምኩት።»

ቃሉስ የት ነው ያለው? እኔ አፍ ውስጥ! ቃሉ ከእኔ አፍ አይወጣ፣ ይርዳው ጋኑን አያነሳ፣ ጋኑ አይሞቅ፣ ማር ቻይ አትነቃ፣ ማሩ አይቀንስ፣ ስካር ቻይ አትነሳ፣ ብርዙ ጠጅ አይሆን፣ ጠጅ ከሌለ ሽማግሌ አይሄድ!

አባቴ ሁልጊዜ «ሙሉአዳም ቻይ ናት» እያለ ያሞግሰኝ ነበር። አሰብኩት። ስካር የምትችለው ማሩን አልቻለችም። ማር የምትችለው ብርዱን አልቻለችም። ሁሉን ቻይ እግዜር ብቻ ነው። እኔም ዝምታውን አልቻልኩም። ፊቱን እያየሁ ግን እንዴት ልናገር? ነጠላዬን ተከናንቤ ጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ አልኩና ለብርዙ ነገርኩት፤ «ወደ እኛ ቤት ላክ።»

«ምን አልሽ?» አለ ይርዳው ዘሎ ተነስቶ።

«የሰማኸውን!»

ይሄኔ ቃሉ ይርዳውን አነሳው፣ ይርዳው ጋኑን አነሳው፣ ጋኑ ምድጃው አጠገብ ሞቀ፣ ማር ቻይ ነቃች፣ ማሩን በልታ አቀለለችው፣ ስካሩ ሲበረታባት «በቃኝ» ብላ ተኛች፣ ስካር ቻይ ተነስታ ሥራውን ተረከበች፣ ብርዙ ፈልቶ ጠጅ ሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን አርሰው አባቴ ደጅ ቆሙ።

አባቴም «ልጄ ትጠየቅ» አለ። መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ።

«አይ ጨዋነት! ዝም ካለች ፈቅዳለች» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ዘመድ ሁሉ እስከ ዛሬ «ይርዳው ደፋር ነው፣ ያቺን ዐይናፋር ጠይቆ አገባ» ይላል። እሱ ይስቃል፤ እኔ አቀረቅራለሁ። ስንት ዘመን የደበቅኩት ይህን ነው።

እማማ ጥሩወርቅ ግን በሰርጌ ቀን ጠጅ በብርሌ አቀበሉኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ያኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ሰምቼሻለሁ። ደግ አደረግሽ ልጄ። ትንሽ ብትቆዪ እኔው ልነግረው ነበር፤ እኔም ዝምታችሁን አልቻልኩም።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በብርዝ አብሱ፤ ለዘመድ ግን እንዳትተነፍሱ።