የሽንኩርት ነጋዴዋና ራዲያተሩ

ምላሷ ከምትሸጠው ሽንኩርት የባሰ የሚያቃጥል አንዲት ነጋዴ ነበረች። አንድ ቀን አሮጌ ፒክአፕዋ ሽንኩርት እንደጫነች ውሃ አፍልታ ቆመችባትና አስጎትታ ጋራዥ አስገባቻት። ከራቫት ያሰረው ባለጋራዥ ቦኔቱን በጣቱ ጫፍ ከፍቶ፣

"ራዲያተሩ ተበስቷል። አዲሱ ሦስት መቶ ሺህ ብር ነው" አላት።

ይህን ጊዜ የፈላችው ሴትዮዋ ናት። "ኧረ ጌታው! መኪናዋን ስገዛት እንኳ ይህን ያህል አልከፈልኩም!"

"መኪናዋማ ምን ዋጋ አላት? ቆርቆሮ ናት። ዋጋ ያለው ራዲያተሩ ነው። ይልቅ ሽንኩርትሽ ሳይበሰብስ ወስኚ።"

ሴትዮዋም የመኪናዋን ቁልፍ ዘረጋችለትና፣

"እንግዲያው የእኔን ራዲያተር በመቶ ሃምሳ ሺህ ይውሰዱት፤ ስለተበሳ ነው ግማሹን የቀነስኩልዎ። ቆርቆሮዋን እመርቅልዎታለሁ" አለችው።